የበሩ ድስት

ባንቺአየሁ ስትደርስ ጋሼ መኩሪያ በሣህሌ ምግብ ቤት ወለል ላይ፣ በነጭ አንሶላ ተሸፍነው ተጋድመው ነበር። የአምቡላንሱ ሰዎች የሚችሉትን ሞክረው፣ አልሆነም ብለው ሄደዋል። በሩ ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ አስከሬን የሚወስደውን መኪና ይጠብቃል። ቀኑ የፈረንጆች ገና ስለሆነ ምግብ ቤቱ ያለበት ፌርፋክስ ጎዳና ጭር ብሏል፤ ለወትሮው የማይገኘው ፓርኪንግ ዛሬ እንደ ልብ ነው።

የጠራቻት የሟች ልጅ አይዳ ናት። ባንቺአየሁ በካውንቲው የአስከሬን ምርመራ ቢሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ሁለት መንገድ አለፍ ብላ የምትኖር ሴት ናት። ዓይኗን የሚያመልጠው ነገር የለም፤ ምላሷም ያየችውን አያሳድርም። እሷ ስትመጣ ሰው ሸሚዙን ጎንበስ ብሎ ያያል እያሉ ይቀልዱባታል። ቀልዱ ደስ ይላት ነበር።

«እትዬ ባንቺ፣ አባዬ ደህና ነበር እኮ!» አለች አይዳ። «ዋን ኦ ፋይቭ ላይ ኮል አደረግኩለት። ‹ምሳ ጀምሬያለሁ› አለኝ፣ ከዚያ ሳል ያዘውና ስልኩ ተቋረጠ። ናይን ዋን ዋን የተደወለው ዋን ኤይቲን ላይ ነው፣ ፖሊሱ ነግሮኛል። ሶ፣ አሥራ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ምን ሲያደርጉ ነበር? አንዳቸው ገድለውት ቢሆንስ?»

አብረዋቸው የነበሩት ሦስት ሰዎች ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ የቤቱ ባለቤት ሣህሌ ነው። ሁለተኛው ዘለቀ፣ ከቫን ናይስ የመጣ ጡረተኛ መሐንዲስ። ሦስተኛዋ ዶይና ሮማኒያዊት ናት፤ ባሏ ሀይለገብርኤል ከሞተ ወዲህ ኖርዝ ሆሊውድ ብቻዋን ትኖራለች። ወንዶቹ ሁሉ በደርግ ጊዜ ቡካሬስት አብረው የተማሩ ናቸው። በየዓመቱ በዚህ ቀን ምግብ ቤቱን ይዘጉና የዶይናን የበዓል ምግብ ይበላሉ።

ጠረጴዛው ላይ አራት ሳህን አለ። በየሳህኑ ሳርማሌ፣ ማለትም በኮመጠጠ የጥቅል ጎመን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝና እንጉዳይ፤ ከጎኑ ደግሞ ማማሊጋ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ። ሥጋ የሚባል የለም። የእኛ ገና አሥራ ሦስት ቀን ስለሚቀረው ጾም ነው፤ ጋሼ መኩሪያም ድሮ የሰበካ ጉባኤ አባል ነበሩ።

ባንቺአየሁ አንሶላውን ገለጥ አደረገች። ክራቫታቸው ላይ ጥፍር የምታህል ነጭ ጠብታ አለች። አየቻትና አንሶላውን መለሰች።

«ምን ሆነ?» አለችው ዘለቀን።

«ጎመኑ አነቀው። ጀርባውን መታሁት፣ ከኋላ አቅፌ ሆዱን ጫንኩት። እምቢ አለ።» ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ ክንዱ ላይ የሰው ጥፍር የጫረው ሰምበር አለ።

ወንዱንም ሴቱንም በአንስታይ ጾታ የምትጠራው ዶይና እያለቀሰች ተናገረች። «እኔ እዚህ የለም። ኮዞናክ፣ ጣፋጩ ዳቦ፣ መኪና ውስጥ ረሳሁ። ፓርክ ያደረግኩት ሩቅ ነው። ስመለስ መኩሪያ ወድቃለች። እኔ ደወልኩ።»

«ማማሊጋውን ማን ቆረሰው?»

«እኔ። በክር። እናቴ እንደምትቆርሰው።»

ሣህሌ ፎጣ እያጣጠፈ «ወዲያው ነው የተደወለው» አለ። «በዚያ ድንጋጤ ሰዓት ማን ያያል?»

ባንቺአየሁ ወደ ጓዳ ገባች። ሳህን ማጠቢያው ማሽን ውስጥ አንድ ሳህንና አንድ ሹካ ብቻ አሉ፤ ለብ እንዳሉ ናቸው። ትልቁን ፍሪጅ ከፈተችና ከቢራው ካርቶን ኋላ እጇን ሰደደች። ስትመለስ ፊቷ ላይ ያ የድሮ ፈገግታዋ ነበር፤ በኋላ ያፈረችበት ፈገግታ።

አይዳን ጨምራ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ክራቫታቸው ላይ ሳወር ክሪም፣ የኮመጠጠ የወተት ክሬም፣ አለ። የጾም ሳርማሌ በሳወር ክሪም የሚበላው የት አገር ነው? ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ የአሳማ ሥጋ ሳርማሌ የሞላበት ድስት አለ፤ አሁንም ሙቅ ነው። ደህና ባለሙያ የጋለ ድስት ፍሪጅ ውስጥ አይከትም፣ ካልቸኮለ በቀር። ታዲያ ይህ የጾሙ ከየት መጣ?»

«እሷ የበሩ ድስት ናት» አለች ዶይና በየዋህነት። «በየዓመቱ አንድ የጾም እሠራለሁ። ሰው በሩን ካንኳኳ፣ እሷን እናቀርባለን።»

«ስለዚህ በየሳህኑ ያለውን ሳርማሌ የለወጠ፣ የጋሼ መኩሪያን ሳህን ደግሞ አጥቦ በሌላ የተካ አለ። ሦስቱን ሳህን እዩ፤ ማማሊጋው በክር ተቆርጧል። የጋሼ መኩሪያ ግን በማንኪያ ተዝቆ፣ ቅቤና በርበሬ ይጠብቅ ይመስል መሃሉ ጎድጎድ ተደርጓል። ይህ የዶይና እጅ አይደለም፣ ገንፎ የለመደ የእኛ ሰው እጅ ነው። ዘለቀ እንዳይሆን፣ በጥፍር እስኪቧጨር ድረስ ሰውየውን አቅፎ ነበር። የቀረኸው አንተ ነህ፣ ሣህሌ። ሰው እየታነቀ ሳህን አጠብክ!»

ፎጣው ከሣህሌ እጅ ወደቀ።

«ራሱ መኩሪያ ነው ያዘዘኝ» አለ። «ትንፋሹ እያጠረው በጣቱ ሳህኑን አሳየኝ፣ ቀጥሎ በሩን። ዘለቀ ‹ደውል!› ብሎ ጮኸ፤ እኔ ‹ቆይ፣ መጀመሪያ ይህ ይጥፋ› አልኩ። ሳሉ ያልፍለታል ብዬ ነበር። ስጨርስ አላለፈለትም።»

«ማንን ፈርታችሁ ነው?»

ሣህሌ ቀና ብሎ አያት። «አንቺን። የአምቡላንስ ድምፅ ስትሰሚ ቀድመሽ የምትደርሽው አንቺ ነሽ።»

ከአራት ዓመት በፊት፣ በሁዳዴ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነበር። «ጋሼ፣ ክራቫትዎ ላይ ያለው ቅቤ የጾም ቅቤ ነው?» ብላቸው ነበር ባንቺአየሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ በሳምንቱ ከሰበካ ጉባኤው ለቀቁ። ባንቺአየሁ ያንን ጨዋታ በየግብዣው ስታወራው ኖራለች።

አሁን ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ተንበርክካ አንሶላውን ገለጠች፤ መሐረቧን አውጥታ ወደ ነጯ ጠብታ ዘረጋች። ሃያ ሁለት ዓመት ከአስከሬን ላይ ምንም ጠርጋ አታውቅም። እጇ መንገድ ላይ ቆመ። ብትጠርጋት ሣህሌ ከሠራው ምን ይለያል?

«አይዳ፣ አባትሽ እኔን ፈርተው ነው የሞቱት» አለች። መሐረቡን ወደ ኪሷ መለሰች።

ሣህሌ ተነሳ። «ስለ ደቂቃዎቹ ለፖሊሱ የምናገረው እኔ ነኝ።»

ፖሊሱ ቅጹን ይዞ ገባና ሟቹ ምን ሲበሉ እንደነበር ጠየቀ። ሁሉም ወደ ባንቺአየሁ ዞሩ። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

«ፖርክ» አለች አይዳ፣ ጮክ ብላ። «አባዬ ፖርክ ይወድ ነበር።»

ፖሊሱ ቅንድቡን እንኳ ሳያነሳ ቃሏን ጻፈና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።