ብራናውን የተጫነ እጅ

አሮጊቷ መተላለፊያው ላይ ካለው አግዳሚ እንደተቀመጠች፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰች ቀጭን ልጅ አንገቷን ደፍታ ስታልፍ አየችና ጠራቻት።

«ልጄ፣ ካላስቸገርኩሽ ውሃ አምጪልኝ። ጽዳት አይደለሽ?»

ልጅቱ ሄዳ ውሃ በብርጭቆ ይዛ ተመለሰች፤ አሮጊቷ ጠጥታ እስክትጨርስ ጠበቀችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«መርማሪዋ እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ።

«አፈር ልብላ፣ ምን ነካኝ።»

«ምንም አይደል፣ እማማ። ሰው ጽዳት ፊት ብዙ ያወራል፤ ለሥራዬ ይጠቅመኛል።»

ፊት ለፊታቸው ባለው የጥገና ክፍል ውስጥ ሽማግሌው መጽሐፍ ጠራዥ ሞቶ ተኝቷል። ወደ ኋላ ወድቆ ራሱ ከመጠረዣው ብረት ጋር ተላትሟል። ሐኪሙ «ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ነው የሞተው» ብሎ ሄዷል። ቤተ መጻሕፍቱ ያን ቀን ለአንባቢ ዝግ ስለነበር፣ ከሟቹ ሌላ የገቡት አሮጊቷ፣ ኃላፊውና ጠራዡ ሃያ ዓመት ሙያ ያስተማረው ረዳቱ ብቻ ናቸው። ከሰባት ሰዓት በፊት የጠራዡን ጩኸት የሰማው ኃላፊ ጣቱን የቀሰረው አሮጊቷ ላይ ነው። እሷ ከታሰረች ልትወስደው የመጣችው መጽሐፍ እዚያው ይቀራል።

«የአባቴ የጸሎት መጽሐፍ ነው» አለች። «በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች የአይሁድ መጽሐፍ ከየቤቱ እየለቀሙ ሲያቃጥሉ፣ አባቴ ለጠራዡ በአደራ ሰጠው። እሱም ፈታትቶ በከብት ሕክምና መጻሕፍት ልባስ ውስጥ ሰፋው። ፈታሾቹ ገልጠው የላም ሆድ ዕቃ ሥዕል ሲያዩ መልሰው ዘጉት።»

«ይህን ማን ነገረዎት?»

«ራሱ ነዋ፣ ዛሬ። እኔማ እርሜን አውጥቼ ነበር። ሦስት ጊዜ ለጠራዡ ጽፌ ሦስቴም በስሙ ‹ተቃጥሏል፣ አይድከሙ› የሚል መልስ ደረሰኝ። ቁርጤን ስለነገረኝ አመስግኜ ጻፍኩለት እኮ። ባለፈው ወር ግን ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት በጻፈ ጋዜጣ ላይ የአባቴን የእጅ ጽሑፍ በፎቶ አየሁት።»

«ታዲያ ዛሬ ተጣላችሁ?»

«ደብዳቤዎቹን ፊቱ ዘረገፍኳቸው። ጮኸ፤ ግን በእኔ ላይ አይደለም። ‹ይሄ የእኔ ጽሑፍ አይደለም› ነው ያለው። ከዚያ ‹ነገ መጽሐፍሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ› ብሎ ሸኘኝ። ሰባት ሰዓት ነበር።»

መርማሪዋ ኃላፊውን ጠየቀች።

«የጠራዡን ደብዳቤ ማን ይከፍታል?»

«ያገኘው። እኔም፣ ረዳቱም። ማኅተሙም ቢሆን ጠረጴዛው ላይ ነው የሚውለው። ግን ምን ያደርግልሻል? አሮጊቷ ናት እያልኩሽ።»

የጥገናው ክፍል ውስጥ ብራና የሚለሰልስበት የእርጥበት ሳጥን ባዶውን ተከፍቷል። ክዳኑ ላይ በጠራዡ እጅ «ስድስት ተኩል ገባ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከሳጥኑ የወጣው የጸሎት መጽሐፉ ገጽ በሁለት መምጠጫ ወረቀት መሐል፣ በብረት ተጭኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። መርማሪዋ ብዙ ቆማ አየችው።

«ሳጥኑ ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆያል?» አለችው ረዳቱን።

«ሦስት ሰዓት። ቀድሞ ከወጣ ይሰነጠቃል፣ ካለፈበት ቀለሙ ይለቃል።»

«ይሄኛውስ?»

ጎንበስ ብሎ የመምጠጫውን ጠርዝ ገለጥ አደረገ። «እንከን የለውም» አለ።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስቱንም ንባብ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ድምጿ ዝቅ ያለ ስለነበር ኃላፊው ወንበሩን ጎትቶ ተጠጋ።

«ገጹ ሳጥን የገባው ስድስት ተኩል ነው። እንከን ከሌለው የወጣው ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው ማለት ነው። ጠራዡ ደግሞ ከስምንት በፊት ሞቷል። ስለዚህ አስከሬኑን አልፎ ገጹን ያወጣና የተጫነ ሰው አለ። ያ ሰው ሞቱን እያወቀ ለማንም አልተናገረም።»

«እኔ ብራና ነክቼ አላውቅም» አለ ኃላፊው።

«አዎ፣ ያስታውቃል። ደግሞም እርስዎና እማማ ከስምንት ተኩል እስከ አስራ አንድ ቢሮዎ ውስጥ ስለ መጽሐፉ ስትነታረኩ ነበር። ‹ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ቤቴ ነበርኩ፣ አስከሬኑን ያገኘሁት አስራ አንድ ሰዓት ስመለስ ነው› ያለኝ ረዳቱ ነው። ሳጥኑንም፣ ሰዓቱንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።»

ረዳቱ እጆቹን አየ።

«ሸሽቼ ነበር» አለ። «መንገድ ላይ ሰዓቴን ሳይ ገጹ ትዝ አለኝ። ሊበላሽ ነው፤ ተመለስኩ። እሱን ልገድለው አላሰብኩም። ደብዳቤዎቹን ይዞ ‹እንደ ልጄ አምኜህ› ሲለኝ ገፋሁት።»

አሮጊቷ ቀና አለች። «ጠዋት ቦርሳዬን ተሸክመህ፣ እማማ እያልክ ደረጃውን ስታወጣኝ ታውቀኝ ነበር?»

«ስምዎን ሲነግሩኝ አወቅሁ። ደብዳቤዎችዎን በቃሌ ነው የምወጣቸው።»

«የምስጋናውንም?»

«የምስጋናውንም። መልሶቹን የጻፍኩት መጽሐፉ ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ዘንድ ይቅር ብዬ ነው፣ እማማ።»

«እማማ አትበለኝ» አለች። «አባቴን ሁለተኛ ጊዜ ነው ያስቀበርከኝ።»

ረዳቱን ሁለት ፖሊሶች መጥተው ወሰዱት። አሮጊቷ ለጠራዡ ቀብር ሦስት ቀን ቆየች፤ በአራተኛው ቀን ኃላፊው ፊት ፈርማ መጽሐፉን ተረከበችና በባቡር ወደ ቤቷ ሄደች።