ዘግይቶ የደረሰ ጥሪ

የኔትወርክ ማማ ጠባቂው ጋሽ ሙላቴ፣ ጉና ተራራ ላይ፣ ከጎጇቸው ደጃፍ ሞተው ተገኙ። ራሳቸው ተፈንክቷል፤ እጃቸው ግድግዳው ላይ ወዳለው የድረሱልኝ ቁልፍ እንደተዘረጋ ቀርቷል። ቤተሰብ አልነበራቸውም፤ ዓመቱን ሙሉ ከነፋስ በቀር የሚያነጋግራቸው አልነበረም ማለት ይቻላል። ያን ቀን ግን ሁለት ሰዎች ወጥተው ነበር፤ ጠዋት ቴክኒሻኑ ሄኖክ፣ ከሰዓት በኋላ ዳቦና ላምባ የሚያመላልስላቸው የገሳይ ነጋዴ አብዱ።

ተደጋጋሚ የድረሱልኝ ጥሪያቸው የኔትወርኩ ድርጅት ደብረ ታቦር ቢሮ የደረሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ተራራው ላይ የነበረው አብዱ ብቻ ስለሆነ ታሰረ፤ አገሩም ፈረደበት።

ኢንስፔክተር ዓለሚቱ ግን የአገር ፍርድ ቶሎ የማይዋጥላት ሴት ናት። አስከሬኑ ሲነሳ ጎንበስ ብላ መሬቱን ዳሰሰች። ግቢው እኩለ ቀን ላይ በጣለው በረዶ ጨቅይቷል፤ ከሥራቸው ያለው አፈር ግን ደረቅ ነው። የማማውንም ባትሪ መደርደሪያ ከፍታ አየች፤ ባዶ ነው።

በማግስቱ ሁለቱን ሰዎች ቢሮው ውስጥ፣ ከመልእክት ተቀባይዋ ከቤዛዊት ጋር ሰበሰበቻቸው።

«አቶ አብዱ፣ ሲደርሱ እንዴት አገኟቸው?»

«ወላሂ ሞተው ነው ያገኘኋቸው! ገላቸው ቀዝቅዞ ነበር።»

«አንተስ ሄኖክ?»

«ጠዋት ስወርድ ደህና ነበሩ፤ ሸኝተውኛል። ጥሪው ሲመጣ እዚሁ ከቤዛዊት ጋር ነበርኩ። ማሽን አይዋሽም።»

«ምን ልትሠራ ነበር የወጣኸው?»

«መስመሩ ከንጋት ጀምሮ ተቋርጦ ነበር። ባትሪ ልቀይር።»

«መቼ ተመለሰ?»

«ከሰዓት በኋላ፣ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ስትወጣ።»

ዓለሚቱ ወደ ቤዛዊት ዞረች። «መስመር በሌለበት ቁልፉ ቢጫን ጥሪው ይጠፋል?»

«አይጠፋም። መሣሪያው በራሱ ትንሽ ባትሪ ይዞ ያቆየውና መስመር ሲያገኝ ይልከዋል።»

«የተጫነበት ሰዓትስ አብሮ ይመጣል?»

«አይመጣም!» አለ ሄኖክ ተሽቀዳድሞ።

ቤዛዊት በመገረም አየችው። «ይመጣል እንጂ! አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ? ማሽኑ የየሰዓቱን ለብቻ ሰብስቦ ያሳየናል፤ የሚመድበው ግን በደረሰበት ሰዓት ነው። የተጫነበት ከውስጥ አለ።»

«እስቲ በተጫነበት መድቢልኝ።»

የዘጠኝ ሰዓቱ ምድብ ባዶ ሆነ። ጥሪዎቹ ወደ ሦስት፣ ወደ አራት፣ ወደ አምስት ሰዓት ተበተኑ።

«ጋሽ ሙላቴ የወደቁት ከበረዶው በፊት ነው፤ ከሥራቸው ያለው ደረቅ አፈር ይመሰክራል» አለች ዓለሚቱ። «ባትሪ ልትቀይር ወጥተህ መደርደሪያውን ባዶ አስቀረኸው። ለማማው የቀረለት የፀሐይ ሰሌዳው ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው መስመሩ ፀሐይ የጠበቀው። ስትሰርቅ አዩህ፤ ገፈተርካቸው። ጥሪያቸውን ማንም እንደማይሰማ ስለምታውቅ ትተሃቸው ወረድክ። ዘግይቶ ሲደርስ ደግሞ ጥፋቱ ለአቶ አብዱ ተረፈ፤ አንተም ዝም አልክ።»

ሄኖክ አንገቱን ደፋ። «የሚሞቱ አልመሰለኝም» አለ።

የአብዱ እጅ ተፈታ። እሱ ግን ከወንበሩ አልተነሳም፤ ማሽኑን ትክ ብሎ ያያል።

«እስከ አምስት ሰዓት ነፍሳቸው ነበረች ማለት ነው?»

«ነበረች፣ አቶ አብዱ።»

«ጠዋት ልወጣ በቅሎዬን ጭኜ ነበር» አለ እያለቀሰ። «ጉሙን አይቼ ቀረሁ።»