የምሳዋ እንቁላል

ድንቡሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ከእናቷ ጋር ከጋራዥ ጀርባ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ትኖር ነበር። ልጆች፣ ቅጽል ስሟ አያታልላችሁ፤ አጥንቷ የሚቆጠር ከሲታ ነበረች።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያዋ ነርስ መረመረቻትና፣ “ደም ማነስ አለባት። እንቁላል፣ ሥጋ፣ አትክልት ትብላ” አለች።

እናት “እሺ” አለች። ደሞዟ ግን እሺ አላለም። ከጠዋት እስከ ማታ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ስትሰፋ ትውላለች፤ የምታገኘው ከቤት ኪራይና ከዳቦ አያልፍም። ሰነፍ እንዳትመስላችሁ። ኑሮዋ ከእጅ ወደ አፍ የሆነው ክፍያው ትንሽ ስለሆነ ነው።

ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ምሳ አንድ ዳቦና አንድ ቅቅል እንቁላል ይሰጣል። እናት ዳቦውን ትበላና እንቁላሉን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ታመጣለች። “ተርፎኝ ነው” ትላለች። በማግስቱ ድንቡሼ ትምህርት ቤት ይዛው ትሄዳለች።

እዚያ አጠገቧ የምትቀመጠው የባለሱቁ ልጅ፣ “እንቁላሉን ስጪኝና ብስኩት ልስጥሽ” አለቻት። ብስኩቱ መሀሉ ክሬም አለው፤ ምራቅ ያስውጣል። ድንቡሼ ለወጠች። በነጋታውም ለወጠች። ከዚያማ ለመደባት።

ማታ እናቷ “በላሽው?” ስትላት፣ “በላሁት” ትላለች።

ከወር በኋላ ነርሷ ብታያት ጭራሹን ደሟ ቀንሶ ተገኘ። እናት ግራ ገባት። ‘አንድ እንቁላል አልበቃትም ማለት ነው’ ብላ አሰበች። ዳቦዋንም ለሥራ ባልደረባዋ እየሰጠች በለውጡ የባልደረባዋን እንቁላል ትቀበል ጀመር። ድንቡሼስ? በሁለት እንቁላል ሁለት ብስኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ያቺ ባልደረባ እናትን ደግፋ ቤት አመጣቻት። ስፌት መኪናዋ ላይ ተዝለፍልፋ ወድቃ ነበር።

“ምሳ ሳትበላ ነው እኮ የምትውለው” አለች ሴትየዋ ለድንቡሼ። “ላንቺ ብላ።”

ድንቡሼ እናቷ የተኛችበት አልጋ አጠገብ ተንበርክካ አለቀሰች። “እማዬ፣ እንቁላሉን አልበላሁትም። በብስኩት ለወጥኩት። ይቅር በይኝ።”

እናቷ “ብስኩቱ ይጣፍጣል?” አለቻት።

“ይጣፍጣል።”

“እኔ ልገዛልሽ ብችል ኖሮ አትዋሺኝም ነበር” አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ይቅር ብላታለች፣ ልጆች፤ እናት አይደለች እንዴ? ድንቡሼም ከዚያ ወዲህ የተሰጣትን ትበላለች። የእናቷ ጉልበት ግን ቶሎ አልተመለሰም፤ ይህን ስነግራችሁ እኔንም ይከፋኛል።

ወላጆቻችን ደሞዛቸው ሳይበቃቸው ከአፋቸው ነጥቀው የሚሰጡንን ምግብ አንናቅ፤ አንዋሻቸው።