ከኮዱ በላይ ያሉት ሦስት መስመሮች

ኮምፒውተሩ «ተቀብያለሁ፤ ወረፋ ላይ ነው» ብሎ ዝም ካለ አንድ ደቂቃ አልፎታል። ጥድፊያ ጠረጴዛውን በጣቶቿ ትደበድባለች። ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ፈተና ላይ ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ መልሱን ስለምትጽፍ።

የተማሪ ተወካዮች ምርጫ ሰኞ ነው። ዘንድሮ ድምፅ የሚሰጠው በስማርት ኮንትራት ነው፤ ብሎክቼይን በሚባል የጋራ ዲጂታል መዝገብ ላይ አንዴ ከተጫነ ርዕሰ መምህሩም እንኳ ሊነካኩት በማይችሉት ፕሮግራም። ተማሪዎቹ ግን «ውስጡ ምን እንዳለ በምን እናውቃለን?» ብለው ተነሡ። እውነት አላቸው፤ የተጫነው ማሽን እንጂ ሰው የማያነበው የቁጥርና የፊደል ክምር ነው። የኮምፒውተር መምህሩ መላ ዘየዱ። ሰው የሚያነበው ኮድ ኤፒአይ በሚባል የፕሮግራሞች መገናኛ በኩል ኤክስፕሎረር ወደሚባለው ድረ ገጽ ይላካል። ድረ ገጹ ራሱ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ይቀይርና ከተጫነው ጋር ያስተያየዋል። ከተመሳሰለ ኮዱን ማንም ከፍቶ ያነበዋል። ዛሬ ካልተመሳሰለ ግን ምርጫው በወረቀት ይሆናል።

መልሱ መጣ፦ «በከፊል ተመሳስሏል።»

መምህሩ ጎንበስ ብለው አዩት። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረውን የኮምፓይለሩን ስሪት ጠየቋት፤ ትክክል ነው። ቅንብሩም ትክክል ነው። የሚሠራው ክፍል አንድም ፊደል አልጎደለውም፣ ልዩነቱ ማስታወሻ ላይ ቢሆን ነው፣ ለምርጫው ይበቃል አሉና ለርዕሰ መምህሩ ሊነግሩ ወጡ።

ጥድፊያ ግን የጎደለውን ታውቀዋለች። ትናንት፣ ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ፣ ከኮዱ በላይ ያሉትን ሦስት መስመሮች አጥፍታለች። ሰው ለሰው የሚተወው ማስታወሻ ነበር፤ ማሽኑ አይሠራበትም፣ የፋይሉን አሻራ ሲይዝ ግን እሱንም ይጨምረዋል። የመጀመሪያው መስመር «ጸሐፊ፦ ድርብ ሰረዝ» ይላል። እዚያ ስትደርስ ቀሪውን ሳታነብ ሦስቱንም ሰረዘቻቸው።

ድርብ ሰረዝ ጓደኛዋ ናት። ኮድ ውስጥ የተረሳ ድርብ ሰረዝ ከሩቅ ስለሚታያት ነው እንዲህ የሚሏት። የኮዱን ግማሽ፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የጻፈችው እሷ ናት። ጥድፊያንም ከምንም አንሥታ ያስተማረቻት እሷ ናት፤ ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት ፊደል በወለቀበት አሮጌ ላፕቶፕ። ከሁለት ወር በፊት የድርብ ሰረዝ እናት የከሰዓት ፈረቃ ሥራ ስላገኙ፣ ትንሽ ወንድሟን ለመያዝ ወደ ኮምፒውተር ክበቡ መምጣት አቆመች። የጥድፊያ አባት ደግሞ ላገኙት ሁሉ «ልጄ ብቻዋን ሠራችው» ብለው ጨርሰዋል።

የሚጠይቃት የለም። መምህሩ ይበቃል ብለዋል። ጥድፊያ ግን «በከፊል» የሚለውን ቃል እንደገና አነበበችው። መስመሮቹን ለመመለስ እስከ ነጥባቸው ድረስ እንደነበሩ መሆን አለባቸው። ቅጂው ያለው አንድ ሰው ጋ ነው። ኮሪደር ላይ ወጥታ ደወለች። ከስልኩ ወዲያ ሕፃን ያለቅሳል።

«የፋይሉ የመጀመሪያ ቅጂ አለሽ?»

«አለኝ። ምነው፣ ያንቺስ?»

ተበላሸብኝ ልትል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «አጠፋሁት» አለች። «ሙሉውን አይደለም። ስምሽ ያለበትን።»

«ለምን?»

«ብቻዬን የሠራሁት እንዲመስል።»

ድርብ ሰረዝ አልተቆጣችም፤ አይዞሽም አላለቻትም። እልክልሻለሁ ብላ ዘጋችው።

ፋይሉ መጣ። ጥድፊያ ሦስቱንም መስመሮች ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበበች።

«ጸሐፊ፦ ድርብ ሰረዝ
ጥድፊያ ሰባት ጊዜ ‹እስቲ እንደገና አስረጂኝ› ባትለኝ ኖሮ ለራሴም አይገባኝም ነበር።
አመሰግንሻለሁ፣ እህቴ።»

ፊደሎቹ እስኪደበዝዙባት ድረስ አየቻቸው። ከዚያ ፋይሉን እንደገና ላከችው፤ በዚህኛው ወረፋ ጣቶቿ ዝም አሉ። «ሙሉ በሙሉ ተመሳስሏል።»

መምህሩ ሲመለሱ ያደረገችውን አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጧትና፣ ሰኞ ኮዱ ሲታይ የሁለቱም ስም እንደሚጠራ ብቻ ነገሯት። ለአባቷ እንዴት እንደምትነግር ገና አላወቀችም።

ቀጥታ ወደ ድርብ ሰረዝ ቤት ሄደች። ጓደኛዋ ወንድሟን ታቅፋ በሩን ከፈተች። ፊቷ አልተፈታም። ጥድፊያ መንገዱን ሙሉ ስታዘጋጀው የመጣችው ይቅርታ ብን ብሎ ጠፋ።

«አመሰግናለሁ ልልሽ ነው የመጣሁት» አለች። «ለኮዱ ብቻ አይደለም። ደረጃው ላይ ስላልሰለቸሁሽ።»

ድርብ ሰረዝ ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው።

«ማክሰኞ ክበብ አለ» አለች ጥድፊያ። « አንቺ ሂጂ፤ እኔ እይዘዋለሁ። በየሳምንቱ።»

«ያለቅስብሻል።»

«ያልቅስ» አለችና ጥድፊያ እጆቿን ዘረጋች።

ድርብ ሰረዝ የተዘረጉትን እጆች አየች። ከዚያ የሕፃኑን ጣቶች ከፀጉሯ አላቃ አቀበለቻት።