ከእርከኑ ሥር የተገኘው ምሁር

ዶክተር ይሄይስ አናቱ ተፈርክሶ፣ ከሙከራ ማሳው እርከን ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ማለዳ ተገኘ። በአጠገቡ የዘበኛው የአቶ ትእዛዙ ዱላ በደም ተነክሮ ወድቋል። ኢንስፔክተር እማዋይሽ ረፋዱ ላይ ከሰቆጣ ስትደርስ ወሬውን ሰቆጣ ያደረሱት የቀበሌ ታጣቂዎች ሽማግሌውን ዘበኛ እጃቸውን አስረው ከጎጇቸው ደጃፍ አስቀምጠዋቸው ነበር።

ቅጥሩ ወደ አበርገሌ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጣቢያ ነው። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ወዲህ ምሁራን እየተፈራረቁ የዋግን አፈር ለክተዋል፤ በዚህም ያደገው የለኪዎቹ ማዕረግ እንጂ የአፈሩ ፍሬ አልነበረም። የእማዋይሽ አባትም ማሳቸውን ለሙከራ ሰጥተው በምስጋና ብቻ የተሸኙ ገበሬ ነበሩ።

«አባባ፣ ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል ይባላል።»

«ተጣልቻለሁ! መሬቴን አጥሮ ‹ሙከራ ነው› ይለኛል። ሰው ግን አልገድልም፣ ልጄ። ዱላዬን ከደጅ አቁሜ እራቴን ስበላ ነበር። እኔ ወህኒ ከወረድሁ ለልጅ ልጆቼ ማን ያርስላቸዋል?»

ረዳት መምህርቷ ሶስና ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «ዶክተር ትናንት ከሰዓት ብቻቸውን እየነዱ ለስልክ ሰቆጣ ሄዱ። ሲመለሱ መኪናውን ሰማሁ እንጂ እርሳቸውን አላየሁም።»

«ስለ ሹመታቸውስ?»

«የምን ሹመት?»

የትምህርት ክፍሉ ባልደረባ ዶክተር ወንዳወቅ ግን ከወንበሩ እንኳ አልተነሣም።

«ልጄ፣ ምኑ ይመረመራል? ገዳዩ ታስሮልሻል።»

«ሟቹን መጨረሻ ያዩአቸው መቼ ነው?»

«ትናንት ቁርስ ላይ። ከዚያ በኋላ በሬን ዘግቼ ስጽፍ ነበር።»

«ዶክተር ይሄይስ ጠላት ነበራቸው?»

«ፕሮፌሰር!» ሲል ጣቱን አንሥቶ አረማት። «ፕሮፌሰር ይሄይስ። በማዕረግ ቀልድ የለም።»

እማዋይሽ አመስግና ወጣች። ሬሳው ገና ሳይነሣ ማዕረጉን የሚያስተካክል ቤት! ወዲያውም ሁሉንም በአዳራሹ ሰበሰበቻቸው።

«ከሰቆጣ ሳልነሣ ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ደውዬ ነበር» አለች። «ፕሮፌሰርነቱ የጸደቀው ትናንት ነው፤ ለሟቹ ከሰዓት በስልክ የነገሯቸውም ራሳቸው ናቸው። ለሌላ ሰው አልነገሩም። ወዲያው የሰቆጣን የስልክ መስመር መብረቅ ቆረጠው፤ የተቀጠለው ዛሬ ማለዳ ነው። ከእናንተም ወደ ከተማ የወጣ የለም። ስለዚህ ወሬው እዚህ ሊገባ የሚችለው በሟቹ አፍ ብቻ ነው። ሶስና አልሰማችም። አባባም አልሰሙም። ዶክተር ወንዳወቅ ግን ከቁርስ ወዲህ አላየኋቸውም ብለው፣ ከሰዓት የተገኘውን ማዕረግ አረሙኝ።»

«ገምቼ ነው! ሰው አይገምትም?»

«እርስዎ ለባላንጣዎ ያልጸደቀ ማዕረግ በግምት የሚሰጡ ሰው አይደሉም። ለትምህርት ክፍሉ የተፈቀደው የፕሮፌሰርነት ወንበር አንድ ነው፤ ሃያ ዓመት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሲመሽ ከሟቹ ጋር ወደ እርከኑ ሲወጡ በዘበኛው ደጅ አለፉ፤ ዱላውንም አነሡ።»

ወንዳወቅ ፊቱ ተለዋወጠ።

«‹ተነሥተህ እጅ ንሣ› አለኝ! እኔን፣ እንደ ተማሪ! ‹ከዛሬ ጀምሮ ፕሮፌሰር በለኝ› አለኝ!»

«እርስዎም ታዘዙ» አለች እማዋይሽ። «ገደሏቸው፤ ግን ታዘዙ።»

የሽማግሌው እጅ ተፈታ። ወንዳወቅ በካቴና ሲወጣ እንደ ልማዱ ወደ ፖሊሱ መኪና የፊት በር አመራ።

«ከኋላ ይግቡ» አለችው። «ከፊት አባባ ናቸው የሚቀመጡት፤ ቃላቸውን ሰጥተው ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ።»