የሰቲት ውሃ ያልገደለው ሰው

ነጋሲ በሱዳን ጠረፍ፣ በሐምዳይት፣ ከሰቲት ወንዝ ደረቅ ዳር፣ ከውሃ መለኪያው ብረት ፊት ለፊት በግንባሩ ተደፍቶ ሲገኝ፣ የሰፈሩ ሰው «ወንዙ በላው» ብሎ ደመደመ። አሥር አለቃ ኣልጋነሽ ግን ወንዝን ያለማስረጃ አትከስም። ከመሰደዷ በፊት ሑመራ ፖሊስ ሳለች የፍየል ሌባን በግሳቱ ሽታ ለይታ ይዛለች ይባላል፤ ያወራችው ራሷ ናት፣ ይሁን።

ጎንበስ ብላ አየችው። ልብሱ ደረቅ ነው፤ ማጅራቱ ተፈንክቷል።

«ውሃ ከኋላ መጥቶ ድንጋይ አይወረውርም» አለች።

ከጎኑ ድምፅ ማጉያው ወድቋል። በየማለዳው ከብረቱ የውሃውን ከፍታ አንብቦ፣ ደለሉ ሜዳ ላይ ለሰፈሩት ስደተኞች «እደሩ» ወይም «ውጡ» የሚላቸው በዚያ ነበር። ሰማዩ በሐበሻ፣ ወንዙ በሚመጣበት በኢትዮጵያ በኩል ጠቁሯል። ብረቱ ላይ ግን ውሃው ከቀዩ የአደጋ ምልክት በታች ስለሆነ ማንም ድንኳኑን አልነቀለም።

ኣልጋነሽ ድፍርሱ ውሃ ውስጥ እጇን ሰዳ የብረቱን ሥር ዳበሰች። መዳፏ በዝገት ቀላ። 

መጀመሪያ የነጋሲን ሚስት ሰሎሜን ጠየቀች።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«አዎ! ከእኔ ይልቅ ብረቱን ነበር የሚያየው። በእንቅልፉ ስቀሰቅሰው ‹ስንት ደረሰ?› ይለኛል። በብረት የቀናች ሴት እኔ ብቻ ነኝ!»

«የት ነው የምታድሩት?»

«ከሁሉ ዝቅ ብለን፣ ውሃው አፍ ላይ። ብረቱ ደህና እያለ ምን ፈርተን!»

ጀልበኛው ሙዳሲርም አልሸሸገም። «ወላሂ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ቀንቼበታለሁ። ‹ውጡ› ባለ ቁጥር ሥራዬ ይቆማል። ልጃገረዶቹም ሰላም የሚሉት እሱን ነበር።» ጀልባው ውሃው ጠርዝ ላይ፣ ከአንዲት ቀጫጫ ቁጥቋጦ ጋር ታስሯል።

ሽማግሌው ረዳ ቀረ። በፊት የወንዙን ነገር የሚጠየቀው እሱ ነበር። አረፋውን አይቶ፣ ጭቃውን አሽትቶ ሲተነብይ፣ አዞ እንኳ ወረፋ ይይዝለት ነበር። ኋላ የእርዳታ ሰዎች መጥተው ድምፅ ማጉያውን ለነጋሲ ሰጡት።

«አያ ረዳ፣ ውሃው እንዴት ነው?»

«ተኝቷል እቴ። ብረቱን አታይም?»

«ፍየሎችህ ኮረብታው ላይ ሲጮሁ ሰማሁ።»

«ሣር ፍለጋ ነዋ!»

ኣልጋነሽ ሰፈሩን ሁሉ ብረቱ ዘንድ ሰበሰበችና ብረቱን በአንድ እጇ ነቀለችው። ሰሎሜ ጮኸች፤ ባሏ ሲቀብረው በሬ እንኳ አይነቅለውም ነበር።

«እዩ። ቀለሙ ከመሬቱ ጀምሮ ነበር የተቀባው። ከቀለሙ በታች ያለው ዝገት በሙሉ ተቀብሮ የነበረ ነው። አሁን የተቀበረው ጫፉ ብቻ ነው። አንድ ሰው ብረቱን ክንድ ያህል ከፍ አድርጎታል። ብረቱ ከፍ ሲል ውሃው ዝቅ ያለ ይመስላል።»

«ማን?» አለ ሙዳሲር።

«ብረቱ እንደሚዋሽ የሚያውቅ ሰው ውሃውን ይፈራል። ሰሎሜ ውሃው አፍ ላይ ተኝታለች፤ አታውቅም። አንተ ጀልባህን ሣር በምታክል ቁጥቋጦ አስረሃል፤ አታውቅም። አያ ረዳ፣ ፍየሎቹስ ይሁን። አልጋህንም ኮረብታው ላይ አየሁት፤ እሱም ሣር ሊግጥ ወጣ?»

ረዳ ከብረቱ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ነጋሲን ዋና ያስተማርኩት እኔ ነኝ!» አለ። «ሰው በደጄ እያለፈ ‹ነጋሲ ምን አለ?› ይላል። አንድ ቀን ብቻ እንዲዋሽ ፈለግሁ። ፍራሻቸው ቢርስ ብዬ እንጂ ሰው ይሞታል ብዬ አይደለም! ማለዳ ብረቱን ስነካ ደረሰብኝ። ጮኾ ሰው ሊጠራ ዞር ሲል...»

ሰሎሜ ልትዘነጥለው ተነሳች። ኣልጋነሽ በክንዷ አገደቻት።

«ቆይ፤ መጀመሪያ ሰዉ ይትረፍ። ውሃው እውነተኛውን ቀይ ምልክት አልፏል። ጎርፉ መቼ ነው የሚደርሰው፣ አያ ረዳ?»

 እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው፣ ሙዳሲር ገመዱን ይዞ፣ ሰሎሜ እንባዋን ውጣ፣ ሁሉም አፍ አፉን ያዩት ነበር። ረዳ አረፋውን አየ፤ ከጭቃው ጭብጥ አንስቶ አሸተተ። አንገቱ ቀና፣ ፊቱም በራ።

«ከቀትር በፊት» አለ።

ማንም አልተጠራጠረውም። ሁሉም ድንኳኑን ሊነቅል ሮጠ። ኣልጋነሽም የረዳን እጆች የኋሊት አሰረቻቸው።