ከክፍል ሁለት የተቆረጡ ደቂቃዎች

ከተማው በእሳትና በጭስ ተውጦ ሲፈርስ፣ የፊልም ሃያሲዋን ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ለጋዜጠኞች የተዘጋጀ የጠዋት ማሳያ ነው። የሚበረው ጀግና፣ ክፍል ሁለት። የመጀመሪያውን ክፍል ሦስት ጊዜ አይታ፣ ጋዜጣዋ ላይ ሙሉ ገጽ ጽፋለታለች። አሁን ግን ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ሰፊ ታላቅ እህቷን ስታግዝ ስለከረመች፣ ድካሙ አድብቶ ጠበቃት።

ስትነቃ መብራቱ በርቷል፤ ጭንቅላቷ የማታውቀው ወጣት ትከሻ ላይ ነው። ክንዱ ደንዝዞበት እንኳ ንቅንቅ አላለም።

«ከተማው ፈርሶ አለቀ?» አለች፣ የምትለው ቢጠፋት።

«ሁለቴ ፈረሰ።»

ፊቷ ፍም መሰለ። «እባክህ ለማንም እንዳትናገር። ሥራዬ ነው። ነገ ትኬት ቆርጬ እንደገና አየዋለሁ።»

«እኔም ነገ እመጣለሁ» አለ። ለምን እንደሆነ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

በነጋታው ከሰዓት በኋላ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሷ ፊልሙን ስታይ፣ እሱ የሚያየው ተመልካቹን ነበር። ሲወጡ ካፊያ ጀምሯል። ጃንጥላው ትንሽ ስለነበር ተጠጋግተው መሄድ ግድ ሆነ።

«እንዴት አየሽው?»

«እሳቱ ያምራል። አበራረሩም ያፈዛል፣ አልዋሽህም። ግን በመጀመሪያው ክፍል፣ ጀግናው የእህቱ ልጅ እንዳትነቃ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው። እኔ የወደድኩት እዚያ ጋ ነው። እዚህ እህቱም የለች፣ በሩም የለም። ቤት የሌለው ሰው፣ ከተማ ቢፈርስ ምኑ ይጎድልበታል?»

ዓይኑን እርጥቡ አስፋልት ላይ ተከለ። መንገዱን ተሻግረው፣ የተዘጉ ሱቆችን አልፈው፣ ጥግ እስኪደርሱ ቀና ብሎ አላያትም።

«አስከፋሁህ?»

«አይ። እውነትሽን ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት አብረው መሄድ ለመዱ። የት እንደሚሄዱ አያውቁም፤ እግራቸው ያውቃል። ሲለያዩ፣ ሳይነገር የቀረ ነገር ያለ ይመስል ሁለቱም ዞር ብለው ይተያያሉ። ስለ ሥራው ስትጠይቀው ግን «ኮምፒውተር ላይ ነው» ብሎ ያልፋታል።

«ኮምፒውተር ላይማ ሌባም ይሠራል» አለቻት እህቷ፣ መርፌ በጥርሷ ነክሳ።

ሂሷ ታተመ። «ትርኢቱ ሰውየውን ውጦታል» ብላ ጽፋለች። «ይህን ፊልም ያያያዘው እጅ እሳት እንጂ ሰው አይቶ አያውቅም።»

በሳምንቱ የፊልሙ ሠሪዎች መግለጫ ሰጡ። መቅረጸ ድምጿን መድረኩ ላይ አስቀምጣ ቀና ስትል፣ የጃንጥላው ሰው ከፊቷ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ያለው ካርድ «ኤዲተር» ይላል። ፊልሙን ቆርጦ ያያያዘው እጅ የእሱ ነበር።

አንድ ጋዜጠኛ ስለ ሂሱ ሲጠይቅ ፕሮዲዩሰሩ ፈገግ አለ። «ሃያሲዋ እኮ ፊልሙን ያየችው ተኝታ ነው። ያየ ሰው ነግሮኛል።»

አዳራሹ ሳቀ። እሷ ምስጢሯን የሚያውቀውን አንድ ሰው ብቻ አየች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ስልክ ቢደውል አላነሳችለትም። የጋዜጣዋ ዋና አዘጋጅም ወሬው ደርሶት ቢሮው ጠራት።

«ተኝተሻል?»

«የመጀመሪያውን ቀን አዎ። በሁለተኛው ቀን ሙሉውን አይቻለሁ።»

«እንግዲያው እሱኑ ጽፈሽ አምጪ። አንባቢ ከሌላ ሰው ከሰማው ገጹን ላንቺ ማቆየት አልችልም።»

ጻፈች። እያፈረች፣ ግን አንድም ቃል ሳትሸሽግ። ጽሑፉ በወጣበት ቀን ኤዲተሩን የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ደረጃ ሥር ቆሞ አገኘችው። መቅረጸ ድምጿን ይዟል።

«ጥለሽው ሄድሽ። ሲቀርጽ ነበር። አዳምጪውና ከዚያ ሂድ ካልሽኝ እሄዳለሁ።»

ደረጃው ላይ ተቀምጣ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። ሳቁ፤ ከዚያ የወንበር መንኳኳት፤ ከዚያ የእሱ ድምፅ።

«አዎ፣ ተኝታለች። እኔ ትከሻ ላይ። በነጋታው ተመልሳ ሙሉውን ስታይ አጠገቧ ነበርኩ። ጀግናው ከእህቱ ጋር ቤት ውስጥ የሚቀመጥበትን አሥራ አንድ ደቂቃ ቆርጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፍንዳታው ይርዘም ተባልኩ፣ እሺ አልኩ። የጻፈችው ልክ ነው።»

 አንድ ሰው አሳለ።

«ታዲያ ለፕሮዲዩሰሩ ማን ነገረው?» አለች፣ መቅረጸ ድምፁን አጥፍታ።

«የእሱ ረዳት ያን ጠዋት ከኋላችን ተቀምጣ ነበር።»

«ሥራህስ?»

«ክፍል ሦስትን ሌላ ሰው ይሠራዋል። እኔ በሳምንቱ መጨረሻ ዕቃዬን ሰብስቤ እወጣለሁ።»

«ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?»

«ከጃንጥላው ሥር ትወጪብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ሂድ አላለችውም።

በማግስቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እሱ የሚሠራባት ጠባብ ክፍል ውስጥ አሥራ አንዱን ደቂቃ አሳያት። ጀግናው የሕፃን አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ እህቱ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። የት እንደዋለ አትጠይቀውም። ሃያሲዋ ዓይኗን ጠረገች።

«ትንሽ ረዝሟል» አለች።

አፍጥጦ አያት፤ ከዚያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ስንት ይቆረጥ?»

«አምስቱ ይቆረጥ፤ ስድስት ደቂቃ ይበቃዋል። ልብስ ስታጥፍ ዝም የሚሉበትን ግን እንዳትነካ።»

ማንም ለማያየው ፊልም ሦስት ቀን ተጨቃጨቁ። አንዷን ምስል እሱ ያወጣል፣ እሷ ታስመልሳለች። በሦስተኛው ቀን ሲጨርሱ የመስኮቱ ብርሃን ወደ ወርቃማነት ተለውጦ ነበር።

«ነገስ?» አላት።

«ነገ ቤት ትመጣለህ። እህቴ ሥራህን ልትጠይቅህ ተዘጋጅታለች።»

«ሥራ የለኝም እኮ።»

«እሱን ራስህ ንገራት። እውነት መናገር ትችልበታለህ፣ ሰምቼሃለሁ።»

እጁን ከኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ አንስቶ እጇ ላይ አሳረፈ። አልሸሸችም። የሚነካው ሲያጣ ስክሪኑ በራሱ ጊዜ ጠፋ፤ ሁለቱም ሊያበሩት አልተንቀሳቀሱም።